የጋሼ ሰባት ደብተሮች

ቅዳሜ፣ ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዛሬ ከቀትር በኋላ የጋሼ ባለቤት አስጠርተውኝ ቤታቸው ሄድሁ። ጋሼ ካረፉ ሦስተኛ ሳምንታቸው ነው፤ ለተዕዚያ የሚመጣው ሰው ቀንሷል፣ በረንዳው ላይ የተደረደሩት የእድር ወንበሮች ግን ገና አልተመለሱም። እትዬ አቦሉን ካጠጡኝ በኋላ በሁለት ፌስታል የተጠቀለለ ነገር ከጓዳ አምጥተው እጄ ላይ አኖሩት። «ቆርቆሮ ሊጠግን ኮርኒስ ላይ የወጣው ሠራተኛ ነው ያገኘው። የእናንተው ነገር መሰለኝ፤ እኔ ፊደሉን እንጂ ቋንቋውን አላወቅሁትም» አሉኝ። ስፈታው ሰባት ባለ መስመር ደብተሮች ሆነው አገኘኋቸው፤ ጋሼ እዚህ ደሴ በክለባችን ከአርባ ዓመት በላይ የተጫወቷቸው የቼዝ ጨዋታዎች እርምጃ በእርምጃ ሰፍረውባቸዋል።

ጋሼ እንደሚጽፉ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቦርዱ ግራ ደብተር ዘርግተው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ አንድ እርምጃ በተሄደ ቁጥር አንድ መስመር ይጽፉ ነበር። የማናውቀው ደብተሮቹ ሲያልቁ የት እንደሚገቡ ነው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ቤተሰቡ ቤቱን ዘግቶ ወጥቶ ነበርና ያን ጊዜ ከኮርኒሱ በላይ ሸሽገዋቸው ኖሯል። ከተማው ከተረጋጋ በኋላ ክለባችን ከአሥራ ሁለት ቦርዶቹ ሦስቱን ብቻ አገኘ፣ ከሁለቱ የጨዋታ ሰዓቶቹ ደግሞ አንዱንም ሳያገኝ ቀረ፤ የጋሼ ደብተሮች ግን ከቦታቸው አልተነቃነቁም። የጎዳቸው ጣራው ነው፤ አንድ ሚስማር ለቆ ሦስት ክረምት ሲያንጠባጥብባቸው ከርሟል።

እትዬ ሮመዳን ሳይገባ፣ የካቲት 15 ቀን፣ ሰደቃ ሊያወጡ አስበዋል። እስከዚያ ደብተሮቹን አድርቄና አንብቤ፣ ጨዋታዎቹን ዛሬ በምንጠቀምበት አጻጻፍ ገልብጬ፣ አንዱን መጽሐፍ ለቤተሰቡ ሌላውን ለክለቡ ላደርስ ቃል ገባሁ። ቃሉን የሰጠሁት ከመጀመሪያው ገጽ ሌላ ሳልገልጥ ስለሆነ፣ ወደፊት የሚመጣው ሁሉ የራሴ ጥፋት መሆኑን እዚህ ላይ አስመዘግባለሁ።

ሰኞ፣ ጥር 19

ሁለቱን ቀን የፈጀው ማድረቅ ነው። ክረምቱ ካለፈ ወራት ቢሆነውም ፌስታሉ እርጥበቱን አፍኖ ስለያዘው ገጾቹ እርስ በርስ ተጣብቀዋል። ፀሐይ ላይ ቢሰጡ ስለሚጠማዘዙ ጥላ ውስጥ አደረግኋቸው፤ በየአምስት ገጹ መካከል ሶፍት አስገብቼ፣ ከላይ ጣውላ፣ ከጣውላው ላይ እትዬ ያዋሱኝን የወፍጮ መጅ ጫንሁ። ሶፍቱን በየሦስት ሰዓቱ መቀየር አስፈልጓል። ሻጋታውን አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ ከቤት ውጭ በለስላሳ ብሩሽ አራገፍሁት፤ እርጥብ ሳለ መንካት ግን ስሕተት መሆኑን አንድ ገጽ ካበላሸሁ በኋላ ተማርሁ።

በእርሳስና በእስክሪብቶ የተጻፈው እንዳለ ነው። ቀለም በሚሞላ ብዕር የተጻፈው የአንደኛው ደብተር ሁለተኛ ግማሽ ግን ሰማያዊ ኩሬ ሆኗል፤ እርሱን ትቼዋለሁ። እርሳሱ በደበዘዘበት ቦታ የስልኬን መብራት ከገጹ ጎን ዝቅ አድርጌ ሳበራው፣ ጋሼ ጫን ብለው ይጽፉ ስለነበር፣ የእጃቸው ጭረት ጥላ ይጥላል፤ እንደዚያ እያደረግሁ እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አነሣሁ።

ቅዳሜ፣ ጥር 24

እትዬ «ቋንቋውን አላወቅሁትም» ያሉት ልክ ነበር፤ እኔም አላወቅሁትም። ዛሬ ቼዝ የሚጫወት ሰው ሁሉ አንድን ካሬ በአንድ ስም ይጠራል፤ ዓምዶቹ ከኤ እስከ ኤች፣ ረድፎቹ ከ1 እስከ 8 ናቸው፤ ኢ4 ለነጩም ለጥቁሩም ኢ4 ነው። ጋሼ ግን ጨዋታውን የተማሩት በ1960ዎቹ ከተገኘ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበርና የያዙት አሮጌውን አጻጻፍ ነው። በዚያ አጻጻፍ ዓምዱ የሚጠራው መጀመሪያ ላይ በቆመበት ንጉሥ፣ ንግሥት ወይም ጳጳስ ስም ሲሆን፣ ረድፉን ደግሞ እያንዳንዱ ተጫዋች ከራሱ ወገን ይቆጥራል። ስለዚህ እያንዳንዱ ካሬ ሁለት ስም አለው፤ ነጩ 4 ያለውን ጥቁሩ 5 ይለዋል። ዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን ከ1981 እ.ኤ.አ. ወዲህ ይህን አጻጻፍ አይቀበልም፤ ጋሼ ግን ማንንም ሳያስፈቅዱ ቀጥለውበታል።

ይህ ብቻ ቢሆን ባልተቸገርሁ። እርሳቸው በላዩ ላይ ወደ አማርኛ መልሰውታል፣ እዚያ ላይ ደግሞ ፊደላችን ራሱ አስቸጋሪ ነው። ንጉሥም ንግሥትም በ«ን» ይጀምራሉ። ከአባቶቻችን የቦርድ ጨዋታ፣ ከሰንጠረዥ፣ «ፈርዝ» የሚለውን ስም ለንግሥቲቱ እንዳይዋሱ፣ ፈርዝና ፈረስ በ«ፈ» ይጋጫሉ። ጋሼ ያገኙት መላ ሁለተኛውን ፊደል መውሰድ ነው፤ ንጉሥ «ጉ»፣ ንግሥት «ግ» ሆኑ። ሩኩን አንዳንዶቻችን «ግንብ» ብንለውም እርሳቸው «ሩ» ብለው የጻፉት ያንኑ «ግ» ፈርተው ይመስለኛል። ፈረስ «ፈ»፣ ጳጳስ «ጳ»፣ ወታደር «ወ» ነው።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ከራሴ ብልሃት አይደለም። የመጀመሪያው ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ «ተሸናፊው ያጨበጨበበት» የሚል ርእስ ያለው ባለ 41 እርምጃ ጨዋታ አለ። ተሸናፊ አጨበጨበ ሲባል ለቼዝ ሰው ወዲያው የሚመጣለት በ1972 እ.ኤ.አ. ሬይክያቪክ ላይ ቦቢ ፊሸርና ቦሪስ ስፓስኪ ለዓለም ሻምፒዮንነት ያደረጉት ግጥሚያ ስድስተኛው ጨዋታ ነው፤ ስፓስኪ ከተሸነፉ በኋላ ከተመልካቹ ጋር ሆነው ለፊሸር አጨብጭበዋል። የዚያን ጨዋታ እርምጃዎች የትም ማግኘት ስለሚቻል ከጋሼ መስመሮች ጎን አደረግኋቸው። ፊሸር በሲ4 ሲጀምሩ ጋሼ «ወ-ግጳ4» ብለዋል፤ የንግሥቲቱ ወገን ጳጳስ ፊት ያለው ወታደር አራተኛው ረድፍ ላይ ደረሰ ማለት ነው። የስፓስኪ መልስ ኢ6 ነበር፤ ጋሼ ከጥቁሩ ወገን ቆጥረው «ወ-ጉ3» ብለውታል። ፈረሱ ኤፍ3 ላይ ሲወጣ «ፈ-ጉጳ3» ሆኗል። እስከ አርባ አንደኛው መስመር ስደርስ የእጃቸውን ጽሑፍ እንደ ጋዜጣ ማንበብ ጀምሬ ነበር።

ማክሰኞ፣ ጥር 27

ጋዜጣው ትናንት ማታ ተዘጋ። ሃያ ሦስት ጨዋታ ወደ ኮምፒውተር ካስገባሁ በኋላ አምስቱ መሐል ላይ «አይቻልም» በሚባል እርምጃ ቆሙብኝ። ፕሮግራሙ ሕገ ወጥ እርምጃ አይቀበልም፤ ችግሩ ግን ስሕተቱ ከተፈጸመ ከአሥር ወይም ከአሥራ አምስት እርምጃ በኋላ መጮሁ ነው። መጀመሪያ ጋሼን ጠረጠርሁ፤ ደክሟቸው ዘለው ይሆናል አልሁ። ጥፋቱ የእኔ ዓይን ነበር።

በደበዘዘ እርሳስ «ጉ» እና «ግ» የሚለዩት በአንዲት ጭረት ነው። የአንዱ ከእግሩ፣ የሌላው ከራሱ ላይ ትወጣለች፤ እርጥበት የነካው ወረቀት ላይ ሁለቱም አንድ ዓይነት እንጨት ናቸው። ክፋቱ ደግሞ የተሳሳተውም ንባብ ብዙ ጊዜ ትክክለኛ እርምጃ ሆኖ መገኘቱ ነው። «ወ-ጉ4» ኢ4 ነው፣ «ወ-ግ4» ዲ4 ነው፤ ሁለቱም ጥሩ መክፈቻዎች ናቸው፣ ፕሮግራሙም ምንም አይልም። «ፈ-ጉጳ3» እና «ፈ-ግጳ3» እንዲሁ ናቸው። አንዱን ጨዋታ ከመጀመሪያው እርምጃ ጀምሮ ሌላ ጨዋታ አድርጌ አሥራ አራት እርምጃ ድረስ ሄጃለሁ፤ እያስገባሁም ጋሼ ያን ቀን እንዴት ያለ እንግዳ ነገር ተጫወቱ እያልሁ እደነቅ ነበር።

ስለዚህ አሠራሬን ቀየርሁ። ከኮምፒውተሩ በፊት እያንዳንዱን ጨዋታ በራሳቸው ቦርድ ላይ በእጄ እሄደዋለሁ። ቦርዱን እትዬ አውሰውኛል፤ የዋንዛ ነው፣ አንዱ ነጭ ሩክ ጠፍቶ በእስክሪብቶ ክዳን ተተክቷል። በእጅ ሲሄዱት አንድ ሰው የማይሄደው እርምጃ ያስታውቃል። ጋሼ በምንም ምክንያት ጳጳሳቸውን ሳያወጡ ንግሥታቸውን እንደማያወጡ በሃያ አራት ዓመት አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያደረጉ ሲመስለኝ ወደ ገጹ ተመልሼ መብራቱን ዝቅ አደርጋለሁ፣ ጭረቷም ትገኛለች። ሥራው በሦስት እጥፍ ዘገየ። በቀን ከጥቂት ጨዋታ በላይ አልችልም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 1

ዛሬ ቦርዱንና ፎቶዎቹን ይዤ ክለቡ ሄድሁ፤ አንድ ገጽ ፈጽሞ ስላልተፈታልኝ ነው። አራተኛው ደብተር ውስጥ «ወረራ» የሚል ርእስ ያለው ጨዋታ አለ። ከርእሱ በታች የአንዱ ወገን እርምጃ ብቻ አምስት ጊዜ ተከታትሎ ተጽፏል፣ ከዚያ የሌላው ሦስት፣ እንደገና የመጀመሪያው አራት። ወታደሮቹ ሁሉ አንድ አንድ ካሬ ብቻ ይሄዳሉ። ርእሱን አይቼ ስለ ጦርነቱ የተጻፈ ነገር ነው ብዬ ነበር፤ ደብተሩ ግን ከጦርነቱ በፊት ያለቀ ነው።

ከጋሼ ቀጥሎ በዕድሜ የሚበልጡን አባላችን ገጹን ወደ መስኮቱ አቅርበው አዩና ሳቁ። «አንተ ልጅ፣ ይኼ ቼዝ አይደለም፤ ሰንጠረዥ ነው» አሉኝ። በሀገራችን ሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ ተራ የሚባል ነገር የለም፤ ሁለቱም ተጫዋቾች እንደየፍጥነታቸው ያሰልፋሉ፣ አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስም ያ የማሰለፍ ጊዜ «ወረራ» ይባላል። የመጀመሪያው ነገር ከተበላ በኋላ ነው ተራ መጠበቅ የሚጀመረው። ወታደሩ «መደቅ» ነው፣ ከመነሻውም ሁለት ካሬ አይዘልም። ፈርዙም የዛሬዋን ንግሥት ጉልበት የለውም፤ በማዕዘን በኩል አንዲት ካሬ ብቻ ነው የሚራመደው። እኒህ አባት ከጋሼ ጋር ያንን ጨዋታ የተጫወቱት ራሳቸው መሆናቸውን የነገሩን መጨረሻ ላይ ነው፤ ማን እንዳሸነፈ ግን አልነገሩንም፣ ገጹም ላይ ውጤቱ የለም። ጨዋታውን ለብቻው፣ በመጽሐፉ መጨረሻ፣ በጋሼ አጻጻፍ እንዳለ አወጣዋለሁ።

በዚሁ ቀን አንድ ነገር ለሁሉም ግልጽ ሆነ። ጋሼ የተጋጣሚያቸውን ስም ጽፈው አያውቁም፤ «ልብስ ሰፊው»፣ «የኮምቦልቻው ሹፌር»፣ «ሒሳብ መምህሩ»፣ «የሐይቁ እንግዳ» ይላሉ። ሰው ሁሉ ራሱን ሲፈልግ ዋለ። የተሸነፉባቸው ጨዋታዎች እስከ መጨረሻዋ እርምጃ ተጽፈዋል፤ ያሸነፏቸው ብዙዎቹ ግን መሐል ላይ በሁለት ነጥብ ይቆማሉ። አንዱ ወጣት ትሕትና ነው አለ። እኔ አይመስለኝም። ጋሼ ትሑት ሰው አልነበሩም፤ ሲያሸንፉ ጣታቸውን ጠረጴዛው ላይ ይደበድቡ ነበር። የሚማሩበትን ጽፈው የማይማሩበትን የተዉ ነው የሚመስለኝ።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

አምስተኛው ደብተር፣ 1993 ዓ.ም.፣ ተጋጣሚ «ልጁ»።

ከሦስተኛው እርምጃ ጀምሮ አወቅሁት። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለሁ ከጋሼ ጋር አቻ የወጣሁበት ጨዋታ ነው፤ ከዚያ በፊት አሥር ጊዜ ያህል አሸንፈውኛል፣ ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት አላሸነፍኋቸውም። ያን ቀን ከፒያሳ እስከ ቤታችን እየሮጥሁ ሄጄ ለእናቴ ነግሬአለሁ። ጥቂት ከፍ ካልሁ በኋላ ግን ለልጅነቴ አዝነው የለቀቁልኝ ነው ብዬ ደመደምሁ፤ ሃያ ዓመት ያህል እንደዚያ ሳምን ኖሬአለሁ።

መጨረሻው ላይ በቦርዱ የቀረነው ሦስት ነን። የእኔ ነጭ ንጉሥ ዲ3 ላይ፣ ያለችኝ አንዲት ወታደር ኢ2 ላይ፣ የጋሼ ጥቁር ንጉሥ ኢ5 ላይ፤ ተራው የእኔ ነው። ደብተሩ «ወ-ጉ3» ይላል፤ ወታደሯን ወደ ኢ3 ገፋሁ። ጋሼ ንጉሣቸውን ዲ5 ላይ አመጡ፤ ሁለቱ ንጉሦች አንድ ካሬ ብቻ በመሐላቸው ትተው ተፋጠጡ፣ ተራውም እኔ ላይ ወደቀ። በእንዲህ ዓይነት መፋጠጥ ተራ የደረሰበት ይሸሻል፤ ከዚያ በኋላ ምንም ባደርግ ማሸነፍ አልችልም ነበር።

ከመስመሩ ጎን፣ ከኅዳጉ ላይ፣ በእርሳስ «ጉ-ጉ3!» ተብሏል። ወታደሯ ካለችበት ሳትነቃነቅ ንጉሡ ቀድሞ ኢ3 ላይ ቢቆም ማለት ነው። መብራቱን ዝቅ አድርጌ ሦስት ጊዜ አየሁት፤ «ግ» እንዳይሆን ፈራሁ፤ «ጉ» ነው። ቦርዱ ላይ አደረግሁት። እውነትም ንጉሦቹ እንደገና ይፋጠጣሉ፣ አሁን ግን ተራው የጋሼ ነው። ወደ ዲ5 ቢሸሹ የእኔ ንጉሥ በኤፍ4 ይገባል፣ ወደ ኤፍ5 ቢሸሹ በዲ4 ይገባል፤ ከዚያ በኋላ በየደረጃው እየተፋጠጠ ስድስተኛው ረድፍ ላይ ይደርሳል፣ ወታደሯም ከኋላው ተከትላ ትነግሣለች። አሸንፌአቸው ነበር። የለቀቁልኝ ነገር የለም፤ ያመለጡኝ እርሳቸው ናቸው።

ከ«ጉ-ጉ3!» በታች ሁለት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች አሉ፤ «ልጁ አላየውም። ለሚመጣው ቅዳሜ።»

ይህችን ለመረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ከዚያ ጨዋታ ቀጥሎ በነበረው ቅዳሜ ጋሼ ሁላችንንም አንድ ቦርድ ዙሪያ አቁመው ሦስት ነገር ብቻ አኖሩ፤ ነጭ ንጉሥ፣ አንድ ነጭ ወታደር፣ ጥቁር ንጉሥ። «ነጭ ያሸንፋል ወይስ አያሸንፍም?» ብለው ጠየቁ። ሁላችንም ወታደሯን ገፋን፤ እኔም ገፋሁ። እየሳቁ ሁላችንንም በየተራ አቻ ካወጡን በኋላ ንጉሡን ቀድመው አራመዱት። ትምህርቱን እስከ ዛሬ አልረሳሁም፤ ለልጆች የማስተምረውም እርሱኑ ነው። ቦታው የእኔው ጨዋታ መሆኑን ግን ያን ጊዜም ከዚያም በኋላ አላወቅሁም፤ እርሳቸውም አልነገሩኝም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ገልብጬ ጨረስሁ። ሙሉ ለሙሉ የተነበቡት 163 ጨዋታዎች ናቸው። ሊቼስ በሚባለው የቼዝ ድረ ገጽ ላይ አንድ «ጥናት» (የጨዋታዎች ስብስብ) ከ64 ምዕራፍ በላይ ስለማይቀበል ለሦስት ከፈልኋቸው። የጋሼን የኅዳግ ማስታወሻዎች እንዳሉ ተውኋቸው፤ የፕሮግራሙን ፍርድ አልጨመርሁም። ሁለቱ ማስታወሻዎቻቸው ስሕተት መሆናቸውን አይቻለሁ፤ ቢሆንም የእርሳቸው ስሕተቶች ናቸውና እንዳሉ ይቆያሉ።

ዓርብ፣ የካቲት 14

ማተሚያ ቤቱ ገጾቹን ትናንት ሲያስረክበኝ የመብላት ምልክቷን «×» በሙሉ በባዶ ካሬ ተክቷታል፤ ፊደሉን ሳያውቀው ቀርቶ ነው። እንደገና ለማሳተም ጊዜ አልነበረም፤ ከክለቡ አራት ልጆች ቤቴ መጥተው በሁለቱም ቅጂ ላይ እስከ እኩለ ሌሊት በእስክሪብቶ ስንሞላ አመሸን። ጥራዙን እኔው በመርፌና በሰም በተሸ የጫማ ክር ሰፋሁት፤ ኮላውን ቀብቼ ያንኑ መጅ ጫንሁበት።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

ሰደቃው ደርሶ ዱዓው ከተደረገ በኋላ መጽሐፉን ከሰባቱ ደብተሮች ጋር ለእትዬ አስረከብሁ። ገለጥ ገለጥ አድርገው «አንተ የትኛው ነህ?» አሉኝ። ገጹን አሳየኋቸው። «ልጁ» የሚለውን በጣታቸው ነክተው «ወላሂ ቤትም እንደዚሁ ነበር የሚሉህ፤ ስምህን ጠርተው አያውቁም» አሉ። ቦርዱን ልመልስ ስል አልተቀበሉኝም፤ «አብሽር፣ ለክለቡ ይሁን፤ ሩኩን ግን አሠሩለት» አሉኝ። ሩኩን እስካሁን አላሠራነውም። ልጆቹ የእስክሪብቶ ክዳኑን ለምደውታል።

ቅዳሜ፣ የካቲት 22

የሮመዳን የመጀመሪያ ቀን፣ ለእኛም የዐቢይ ጾም ሳምንት ነው፤ ክለቡ ውስጥ ቡና የጠየቀ ሰው አልነበረም። ስፓስኪ ከትናንት በስቲያ ሞስኮ ውስጥ በ88 ዓመታቸው ማረፋቸው ስለተሰማ፣ በጋሼ ቦርድ ላይ ስድስተኛውን ጨዋታ ከደብተሩ አጻጻፍ እያነበብን ሄድነው።

በሌላው ጠረጴዛ መጽሐፉን ይዞ 88ኛውን ጨዋታ የሚሄድ ልጅ እጁን አወጣ። ዐሥራ ዘጠነኛው እርምጃ ላይ ፈረሱ የሚደርስበት ካሬ በከንቱ የሚበላበት ነው አለኝ። ፎቶውን ስልኬ ላይ አሳድጌ አየሁ፤ «ጉ» ያልሁት «ግ» ነው። በክለቡ ቅጂ ላይ በእርሳስ አርሜዋለሁ፤ የእትዬን ቅጂ ነገ ሄጄ አርማለሁ።